ቁልፉን የነካ እጅ

ግንቦት 10 ቀን 1979፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ቂሜ እንዳይጠፋብኝ ነው። ሰው ይረሳል እኮ። ደሞዝ ይወጣል፣ ዝናብ ይመጣል፣ የበደለሽ ሰው በር ላይ አግኝቶሽ «እንዴት አደርሽ» ይላል፣ አንቺም ፈገግ ትያለሽ፣ በቃ አለቀ። እኔ እንዲያልቅ አልፈልግም።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ እኔ የሻሽወርቅ በመድን ድርጅቱ ኮምፒውተር ክፍል ፕሮግራመር ነበርኩ። ከዛሬ ጀምሮ የወረቀት ስቶር ጠባቂ ነኝ። ዓርብ ዕለት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። ባልሠራሁት ሥራ! ረታ የሚባል ባለመኪና አለ። አንዱ ኤንትሬ የጭነት መኪናው ገደል ሲገባ የመድን ውሉ ሳይከፈልበት ቀርቶ ተሰርዞ ነበር። ከአደጋው በኋላ ግን አንድ ሰው ማሽኑ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ወደ ኋላ ጎትቶ፣ ውሉ ከአደጋው በፊት እንደታደሰ አድርጎ አስገባው። የገባው በኔ ፓስወርድ ነው።

ፓስወርዴን ማን ሰጠ? እኔው። ለክፍሉ ኃላፊ ለጓድ ገረመው። «የሻሽ፣ እስቲ ፓስወርድሽን በይኝ፣ አንድ ነገር አይቼ ልመለስ» አለኝ፣ ነገርኩት። እኛ መሥሪያ ቤት ፓስወርድ እንደ እስክሪብቶ ነው የሚዋሰው። እምቢ ካልሽ «አላመንሽኝም ማለት ነው?» ይመጣል። ኃላፊን አላመንኩም ይባላል? ይሉኝታ ነው ጉድ የሠራኝ።

ስብሰባውን የመራው ራሱ ነው። የማነበውንም ወረቀት ያዘጋጀልኝ ራሱ ነው። «የንዑስ ከበርቴ ቸልተኝነት አድሮብኝ» ብዬ አነበብኩ። ተጨበጨበ። ስንወጣ ትከሻዬን ይዞ «ጉዳይሽ ልዩ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ ስንት ተከራክሬልሻለሁ መሰለሽ» አለኝ። አመሰገንኩት! ይቺ ምላሴ ትቆረጥ።

አንድ ቀን እሱ እዚያው ቦታ ይቆማል። እኔ የፊተኛው ወንበር ላይ ነኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።


ግንቦት 14፣ ዓርብ

ስቶሩ ይበርዳል። መስኮት የለውም። የፕሪንተር ወረቀት ካርቶን እያነሳሁ አስቀምጣለሁ።

ብርቄ መጣች። ከመዝጋቢዎቹ አንዷ ናት፣ ማሽኑን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከጎሮ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ ነው አውቶቡስ የምትይዘው። እናቷ የላኩልኝን ወተት በጠርሙስ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለች። ሊያጽናኑኝ የሚመጡት ሁሉ አስጠልተውኛል። «ሌላ ጊዜ፣ ብርቄ» ብዬ ሸኘኋት።

ቤት ስገባ እህቴ ፈለቀች ልብስ ስፌቷ ላይ ተቀምጣ «ለእግዜር ስጪው» አለችኝ። እግዜር ስንት ጉዳይ አለበት። የገረመውን እኔው ልያዝለት።


ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

እሰይ! እሰይ! እሰይ!

ተቆጣጣሪዎች ከላይ መጡ። አለቃቸው አቶ አምደሚካኤል ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው። የረታ ነገር ጆሯቸው ገብቷል። ትእዛዙ እንዲህ ነው፦ በጀት ሲዘጋ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚነካ እያንዳንዱ የመድን ውል ማን እንደነካው መታወቅ አለበት። ለየሰው የማይዋስ የምሥጢር ቃል፣ ለዚያም መመሪያ፣ ለመመሪያውም ፕሮግራም። ካልሆነ ድርጅቱ ይቀጣል፣ ኃላፊውም ይጠየቃል።

ይህን ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ ስቶር ውስጥ ካርቶን ያነሳል!

ጓድ ገረመው እስከ ስቶሩ በእግሩ ወረደ። ሱሪውን አቧራ እንዳይነካው ሰብሰብ አድርጎ ቆመ።

«የሻሽ፣ ያለፈው አለፈ። አገር ትፈልግሻለች» አለኝ።

«እርስዎ ካሉ፣ ጓድ» አልኩት። የያዝኩትን ካርቶን አስቀምጬ ተከተልኩት።


ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

መመሪያውን ጨረስኩ። ሌላው ሁሉ ተራ ነው። አንዷን አንቀጽ ግን ለገረመው ስል በእጄ ፈትዬ ነው የሠራኋት፦

«በሌላ ሰው የምሥጢር ቃል የተደረገ ለውጥ ሲገኝ፣ ተጠያቂው የቃሉ ባለቤት ሳይሆን ቁልፉን የነካው እጅ ነው። ታዝዤ ነው የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።»

እኔን የገደለኝ ምንድነው? ስሜ እንጂ እጄ አልነበረም። ከእንግዲህ ስም አይጠየቅም፣ እጅ ነው የሚጠየቀው። «ታዝዤ ነው» የምትለዋንም የጨመርኩት ነገ ሲያዝ «ከላይ ታዝዤ ነው» እንዳይል ነው። ሁሉም የሚሸሸው በዚያች በር ነው፣ ዘጋኋት።

ገረመው ሁለቴ አነበበው። ፈራሁ። «ጎበዝ! ንቃት ማለት ይኼ ነው!» ብሎ ፈረመ። ደስ አለው እኮ። ምን እንዳስደሰተው አልገባኝም።

ብርቄ ኮሪደር ላይ አቆመችኝ። «እትዬ፣ ያን ነገር...» «ብርቄዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት። ነበርኩም።


ሰኔ 16

የምሥጢር ቃል ሳድል ዋልኩ። የሳቅ ቀን! ግማሹ የልጁን ስም ይሰጣል፣ ግማሹ ጮክ ብሎ «የኔ ስንት ፊደል ይሁን?» ይላል። ከገንዘብ ክፍል የመጡት ጋሽ ገብረየስ የራሳቸውን ረስተው የጓደኛቸውን አስታወሱ። «ለማንም አትንገሩ» እላለሁ። «እሺ» ይሉኛል፤ ዞር ብለው ይነጋገራሉ።

ገረመውስ? የሱን ለብርቄ ነገራት። እኔ ቁጭ ብዬ! «አንቺ ያዥልኝ፣ እኔ ፊደል አይያዝልኝም» አላት።


ሰኔ 21፣ እሑድ

ከፈለቀች ጋር ለቅሶ ልንደርስ ወደ ሲኤምሲ በኩል ሄድን። መንገድ ዳር ምን አየሁ? የገረመው አዲስ ቤት። መሠረቱ ወጥቷል። አንድ ኤንትሬ ቆሞ ሲሚንቶ ያራግፋል። በመኪናው በር ላይ የተጻፈው የባለንብረቱ ስም ረታ። እኛ ላምበረት ለቀበሌው ሽንት ቤት ሲሚንቶ ከጠየቅን ስንት ጊዜያችን ነው፤ «ለግንባር ነው፣ የለም» ይሉናል።

ፈለቀች ክንዴን ጎተተች። «ነይ፣ የሰው ቤት ላይ አታፍጥጪ።»

ሰውየውን ሳስበው አንጀቴ እርር ይላል። ደግሞ ኩራቱ! ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ ጣቱ የማሽን ፊደል ሲነካ አላየሁም። መጻፍ የታይፒስት ሥራ ነው፣ የሴት ሥራ ነው። ጣቱን ቢያሳርፍ ማዕረጉ የሚረግፍ ይመስለዋል። እጁን ከኋላው አጣምሮ ይቆማል፤ ብርቄ ሹራቧን እያስተካከለች ትቀመጣለች፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ስትጨርስ «ብራቮ» ይላታል፣ እንደ ልጅ። እንዲህ ያለ ሰው ነው በኛ ላይ ኃላፊ የሆነው!

የሚያዝበትን ወጥመድ ግን አስቤ ጨርሻለሁ።


ሰኔ 25፣ ሐሙስ

ተቆጣጣሪዎቹ የጠየቁት ማሽኑ መዝግቦ እንዲይዝ ብቻ ነው። እኔ ግን ለማንም ሳልነግር አንድ ነገር ጨመርኩ። ማንም ሰው የአንድን ውል ቀን ወደ ኋላ ከጎተተ ማሽኑ ይቆለፋል፣ ደወሉ ይጮሃል። የሚከፍተው የአቶ አምደሚካኤል ቃል ብቻ ነው። ደወሉ ሲጮህ ወንበሩ ላይ የተገኘ፣ ተገኘ! ክርክር የለም።

ዛሬ በኃላፊው ክፍልና በማሽኑ ክፍል መካከል ያለውን መስታወት በጋዜጣ አጥበው አበሩት። ከወንበሬ ሆኜ የገረመውን ጥርስ መቁጠር እችላለሁ።


ሐምሌ 3፣ ዓርብ

የረታ ሌላው ኤንትሬ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። የመድን ውሉን አየሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ ተሰርዟል።

ይመጣል። አውቃለሁ ይመጣል። አቤት አምላኬ፣ ሰኞ አድርሰኝ።


ሐምሌ 6፣ ሰኞ

ጮኸ።

ረታ ጠዋት መጣ። ከገረመው ጋር ኃላፊው ክፍል ውስጥ ተዘጋጉ። እኔ ቶሎ ብዬ አቶ አምደሚካኤልን «ፕሪንተሩን ላሳይዎት» ብዬ ማሽኑ ክፍል አስገባኋቸው። ቆየን። ከዚያ ደወሉ።

የገረመው ክፍል በር ተከፈተ። ብርቄ እዚያ ባለው ማሽን ወንበር ላይ። ጣቷ ገና ቁልፉ ላይ። ገረመው ከኋላዋ ቆሞ «ምንድነው ያደረግሽው አንቺ?» አላት።

ረታ የለም፣ ወጥቷል።

ማን እንደተቀመጠ ከመጀመሪያው አላየሁም። መስታወቱ ጭጋግ ነበረው።


ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ስብሰባ። ገረመው አንቀጿን ጮክ ብሎ አነበበ። «ቁልፉን የነካው እጅ! ታዝዤ ነው የሚል ምክንያት የለም!» አለና ወደኔ ዞሮ «ይህን መመሪያ ላዘጋጀችልን ለጓዲት የሻሽወርቅ» ብሎ አስጨበጨበልኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሲፈርም ለምን ደስ እንዳለው።

ብርቄን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወስደዋታል። ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው የሚሉት። በዚህ ቃል ገብቶ በቶሎ የወጣ ሰው አላውቅም። መስከረም ላይ ልትዳር ነበር።

እኔ ምን ላድርግ? እኔ ገረመውን ነው የፈለግሁት። እሷን ማን ተቀመጪ አላት? እምቢ አትልም? ...እምቢ። እኔስ ብያለሁ?


ሐምሌ 12፣ እሑድ

ጣቢያው በር ላይ የብርቄን እናት አገኘኋቸው። ወይዘሮ ወለተማርያም። ምሳ የያዘ ሰሐን በጨርቅ ቋጥረው ዝናብ ላይ ቆመዋል። ልመለስ ስል አዩኝ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፣ ለቀም አድርጌ ያዝኳቸው።

«ልጄን ሥራ ያስተማርሽ አንቺ ነሽ። ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ።

ከዚያ የብርቄን መልእክት ነገሩኝ። ከፊታቸው ላይ የዝናቡን ውሃ እየጠረጉ፣ አንድም ቃል እንዳይጥሉ እየተጠነቀቁ። «ለእትዬ ንገሪያት አለችኝ። ያን ጊዜ በስምሽ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ገረመው የሻሽ ፈቅዳልኛለች አለኝ። ኋላ ስብሰባው ላይ ስትቆሚ ነው ያወቅሁት። ልነግርሽ መጥቼ ነበር፣ ሥራ ያዘሽ።»

«እሺ» ብዬ ሄድኩ። አውቶቡስ አልያዝኩም። ከዚያ እስከ ላምበረት በእግሬ ነው የመጣሁት።


ሐምሌ 13

ይበላት! እሷ ናት! በኔ ስም ቁጭ ብላ የጻፈች፣ ወተት እያመላለሰች! እዚያው ትክረም!


ሐምሌ 14

ትናንት የጻፍኩትን ልሰርዘው ነበር። ይቆይ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይታይ።


ሐምሌ 19፣ እሑድ

ገብርኤል ነው። ፈለቀች ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ እኔ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ሦስት ጊዜ ነው ልትነግረኝ የመጣችው። ሦስተኛውን እዚህ አልጻፍኩትም። ሐምሌ 3 ነበር። «እትዬ፣ ጓድ ገረመው ሰኞ በጠዋት ግቢ ብሎኛል፣ የሚያጽፈኝ ነገር አለ፣ ልቤ ፈርቷል» አለችኝ። ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ የሚልሽን አድርጊ» አልኳት።

ነገሩ እንዳይበላሽብኝ ነው። ገረመው እንዳይጠረጥር።

ስለ እሷ ማሰብ አልፈልግም። እኔ የማስበው ስለ ገረመው ነው። ዛሬም እንደዚያ ነው። ትልቁ ጥፋቱ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ማስቀመጡ ነው። እሱን ከዚያ ወንበር ላይ ካላስቀመጥኩት እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።


ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

አቶ አምደሚካኤል ዘንድ ገባሁ። «ጌታዬ፣ ያቺ ልጅ የታዘዘችውን ነው የጻፈችው። ጓድ ገረመው ራሱ መጻፍ አይችልም። ማሽኑ ላይ አስቀምጠው ይፈትኑት» አልኳቸው።

አስጠሩት። ሳቀ። «እኔ ፊደሉ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፣ ይኸው!» ብሎ በአንድ ጣቱ ሲፈልግ ሲፈልግ ቆየ። የስሙን ግማሽ እንኳ ሳይጨርስ ተወው። «እንግዲህ መጻፍ የማልችል ሰው እንዴት ቀን እጎትታለሁ?» አለ።

አቶ አምደሚካኤል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳደረጉ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቀጹን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እጅ ነው የሚለው። የዚህ ሰውዬ እጅ የት አለ? እጁን ካላየሁ በምን ልያዘው?»

በገዛ ገመዴ ታንቄ ወጣሁ። ገረመው ኮሪደር ላይ ደርሶብኝ «አይዞሽ፣ ቅር አላለኝም። ልጅቷ አሳዝናሽ ነው» አለኝ። እንዲያውም ከንፈሩን መጠጠላት!


ሐምሌ 28

ፕሮግራመርነቴ ተመለሰልኝ። በገረመው ደግነት። የብርቄን ወንበር ሰጠኝ፣ ለማሽኑ ቀረብ እንድል። ሹራቧ አሁንም ተንጠልጥሏል። ማንም አልነካውም፤ ከመዝጋቢዎቹ አንዲትም ገረመው ሲጠራ ቶሎ ብላ የምትነሳ የለችም ከእንግዲህ።

«ያንን ደወል አንሺው፣ ሰው ያስበረግጋል» አለኝ።

አነሳሁት። ፊቱ ላይ ሞከርኩለት፣ አልጮኸም። «ብራቮ» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ መለስኩት።


ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠራኝ። በሩን ዘጋ። የረታ ሁለተኛ መኪና ውል አሁንም እንደተሰረዘ ነው፤ ያኔ ማሽኑ ተቆልፎ አልገባም። ረታም እየመጣ ይጨቀጭቀዋል፤ የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ በረታ መኪና ነው የሚመጣው።

«የሻሽ፣ ከነገ ወዲያ ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሳይኖር። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። አንቺን ነው የማምነው፤ የቀሩት ወሬኛ ናቸው።»

«እሺ፣ ጓድ» አልኩ።

የኔ እጅ። ይፈልጋል የኔን እጅ።

ፈለቀች ራት ላይ «ምን ሆነሽ ነው እጅሽን የምታይው?» አለችኝ። ጣቶቼን እያየሁ ኖሯል። ጥሩ ጣቶች ናቸው። ከክፍሉ ሁሉ ፈጣን ነበርኩ፣ ሳላይ እጽፋለሁ።


ነሐሴ 6

በግራ ነው የምጽፈው።
የፈላ ውሃ ፈሰሰብኝ። ቀኝ እጄ ላይ። ድስቱ ተንሸራቶ።
ፈለቀች ጮኸች።
ክሊኒክ አሰሩልኝ። እስከ ክርን።
ያማል። አጥንቴ ድረስ ያማል።
ነገ ግን እገባለሁ።


ነሐሴ 7

ጮኸ!
የሱ ጣት።
የሱ የራሱ ጣት!


ነሐሴ 24፣ እሑድ

ይህን የምትጽፈው ብርቄ ናት። የፊደሉን ማማር ያያችሁ ከዚህ እወቁ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እጄ ቆዳው ደረቀ፣ ነገር ግን ሁለቱ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለዋል፤ ሐኪሙም «እንግዲህ» ብሎ ሌላ በሽተኛ ጠራ። ብርቄ ከጎሮ ወተት ይዛ መጥታ የፈለቀች አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ከወጣች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ከስታለች፣ ጸጉሯን ተላጭታለች። ብርቄ፣ ይኼን አልጽፍም ብትይኝም ጻፊው።

ያን ቀን እንዴት እንደሆነ ልናገር። ገና አልጠገብኩትም።

ምሳ ሰዓት ገባሁ። ገረመው ፋሻውን ሲያይ ፊቱ ልክ እንደ አመድ ሆነ። «ምን ሆነሽ?» «ውሃ ፈሰሰብኝ፣ ጓድ።» «ዛሬ? ዛሬን መርጦ?» «ምን ላድርግ።» «በግራሽ ጻፊው።» «እጽፋለሁ፤ ግን ከተሳሳትኩ ማሽኑ ይቆለፋል፣ ያኔ አቶ አምደሚካኤልን መጥራት ነው።» «ሌላ ልጅ እንጥራ?» «እርስዎ ካመኗት ይጥሩ።» ረታ ውጪ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል።

«ቀላል ነው እኮ» አልኩት። «ይቀመጡ። ፊደሉን እኔ አሳይዎታለሁ፣ እርስዎ ነካ ማድረግ ነው። ማን ያያል?»

ተቀመጠ። ኮቱን አወለቀ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። እኔ በግራ ጣቴ አሳየዋለሁ፣ እሱ እየፈለገ ይነካል። አንዷን ፊደል ሲያገኛት «እህ!» ይላል፣ ልክ እንደ ልጅ። ያን ጊዜ በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም፤ ደግሞ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የመጨረሻዋን ቁልፍ አሳየሁት። «ይቺን?» አለ። «እሷን ነው» አልኩት። «ብራቮ።»

ደወሉ ጮኸ።

አቶ አምደሚካኤል ጎን ክፍል ሆነው ሽሮ ወጣቸውን እየበሉ ነበር፣ ከነፎጣቸው መጡ። መዝጋቢዎቹ መጡ። ዘበኛው መጣ። ገረመው ብድግ ማለት አቅቶት ጣቱን ከቁልፉ ላይ አላነሳም። ከዚያ ነው የምወደውን የተናገረው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሁለት እጁን እንደ ተማረከ ወታደር አንስቶ፣ «እኔ አልችልም እኮ! እኔ ጽፌ አላውቅም! ሁልጊዜ ብርቄ ናት የምትጽፍልኝ፣ የየሻሽንም እሷ ናት የጻፈችልኝ!» አለ።

አቶ አምደሚካኤል መነጽራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ላይ አድርገው አዩት። «የምትጽፍልኝ አልክ?» አሉት። «እስቲ ድገመው።»

ግለ ሂስ ማለት ይኼ ነው። ወረቀት አላዘጋጀሁለትም፣ ከራሱ አፍ ነው። ከፊት ወንበር ባልቀመጥም ከፊቱ ቆሜ ነበር። ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸታም ነኝ። አሁንም ሳስበው እጄ ቢያመኝም ደስ ይለኛል። እሱ ብርቄ በወጣችበት በር ገባ። ረታ መኪናውን አስነስቶ ጠፋ፤ እስካሁን አልተያዘም።

ብርቄ ትስቃለች። ጻፊ፣ ሳቂ አላልኩሽም።

ደወሉን ያለ ፈቃድ ስላስገባሁ እኔም ከመስከረም በኋላ እጠየቃለሁ። አቶ አምደሚካኤል «ማን ነው ይህን መልሶ ያስገባው?» ሲሉ «እኔ» አልኩ። «ማን አዞሽ?» «ማንም። የኔው እጅ ነው።» በፋሻው አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ጻፉት። አንቀጿንም ቀይሩልኝ ብያለሁ፦ ቁልፉን የነካ ብቻ ሳይሆን ያስነካም ይጠየቅ።

ፈለቀች ልብስ ስፌቷ ላይ ሆና «ድስቱ እንዴት ነው ወደ ቀኝ እጅሽ ብቻ የተንሸራተተው?» ብላ ትጠይቀኛለች። በየቀኑ ነው የምትጠይቀኝ። ድስት ነው፣ ይንሸራተታል።

አሁን ሌላ ነገር ጻፊልኝ፣ ብርቄ። ሐምሌ 6 ቀን የጻፍኩት አለ፣ ወደ ኋላ ግለጪ። መስታወቱ ጭጋግ ነበረው ይላል። እሱ ውሸት ነው። መስታወቱ ታጥቦ ነበር። ሹራብሽን እያስተካከልሽ ስትቀመጪ አይቼሻለሁ። ማን እንደተቀመጠ አይቼ፣ ደወሉ እንደሚጮህ አውቄ፣ ለአቶ አምደሚካኤል ስለ ፕሪንተር ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

ብርቄ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳች። ይህንን ማታ ራሴ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። የፈለቀች ልብስ ስፌትም ቆመ።

«እትዬ፣ ይኼንንም ልጻፈው?» አለችኝ።

ጻፊው አልኳት። ጻፈችው።